አሥራ ሁለት ጽጌረዳ

ዶቪሌ ጽጌረዳዎቹን ቆጠረች። የተሳሳተች መስሏት ከመጀመሪያው ጀምራ ደግማ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው።

አበባውን ያመጣው ሰው መልካም ልደት ብሏት ደረጃውን ወርዷል። እሷ ግን በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ ያን ሁሉ ቀይ አበባ እንዳቀፈች ባለችበት ደርቃ ቀረች። መሃሉ ላይ የተሰካችው ካርድ «ከካስፓራስ» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

እናቷ ወይዘሮ ብሮኔ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ ስፔን የሄደው ረጅሙ ሰው የልጇን ልደት አልረሳም ማለት ነው። ቀጥሎ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። የከተማቸው የኡቴና ሰው አበባ ሲያይ ሳይታወቀው ይቆጥራል። ቆጥራ ስትጨርስ አማተበች።

«ማን ሞተ?» አለች።

በሊትዌኒያ በሕይወት ለቆመ ሰው የሚሰጠው ጎዶሎ አበባ ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያሉ መሄድ ነው። ጥንዱ የሬሳ ሳጥን ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ካስፓራስ ደግሞ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ያውም እዚያው ኡቴና ተወልዶ ያደገ። እንዲህ ያለ ሰው አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ሲልክ ምን ለማለት ፈልጎ ነው? ፍቅራችን ሞቷል፣ ቅበሪው ነው የሚላት? ዶቪሌ ይህን ስታስብ በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ዘፍ አለች።

ሰውየው እንዲህ ያለ አበባ እስኪልክ ድረስ የሆነውን ለመናገር ግን ወደ ነሐሴ መመለስ ያስፈልጋል።

የከተማው የቅርጫት ኳስ ክለብ የተጫዋቾቹን ጡንቻና መገጣጠሚያ እንድታክም ዶቪሌን የቀጠራት ያኔ ነበር። በመጀመሪያ ቀኗ ወደ ሕክምና ክፍሉ ስትገባ አንድ ረጅም ሰው ያለ መሰላል ቆሞ የተቃጠለ አምፖል ሲቀይር አገኘች። የአዳራሹ ጥገና ሠራተኛ መሰላት። አልጋውን ወደ መስኮቱ እንዲያስጠጋላት ለመነችው፤ አስጠጋላት። ቁም ሳጥኑን ደግሞ አዘዘችው፤ ገፋላት። ሰውየው ላቡን ጠርጎ አልጋው ላይ ቁጭ አለና ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበ።

«ትእዛዝዎን ጨርሻለሁ» አላት። «አሁን ደግሞ እርስዎ የእኔን ጉልበት ይዩልኝ።»

ዶቪሌ ክው አለች። ለካስ ያዘዘችው ሰው አገር በሙሉ የሚያውቀው ካስፓራስ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት በባዕድ አገር ሲጫወት ኖሮ የመጨረሻውን የውድድር ዘመን በተወለደበት ከተማ ሊጨርስ የመጣው። ከሰውየው ይበልጥ ግን ያስደነገጣት ጉልበቱ ነበር። ተቀዶ የተሰፋ፣ እንደገና ተቀዶ እንደገና የተሰፋ። በዚህ ጉልበት እንኳን መዝለል ደረጃ መውጣቱም ይገርማል።

ሌላ ሰው የኖረበትን አገር በፎቶግራፍ ያሳያል፤ እሱ በጠባሳ ያሳያል። ጉልበቱ ላይ ያለችው ረጅሟ አቴንስ ናት። የቅንድቡ ጭረት ቤልግሬድ። የጠመመው አውራ ጣቱ ኢስታንቡል፤ የተሰበረ ዕለት በፕላስተር ጠቅልሎት ጨዋታውን ጨርሷል። በየቀኑ ስታሸው ዶቪሌ ጠባሳዎቹን በጣቷ እየተከተለች ትጠይቀዋለች፣ እሱም እየሳቀ ይመልሳል።

«ዋንጫስ የታለ?» አለችው አንድ ቀን።

«ዋንጫ ጠባሳ አይተውም» አላት፤ ሳቁ ግን ጠፋ። አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸንፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዋንጫ በእጁ አልነካም።

ዶቪሌ ጉልበቱን አየችው። ማባበል አታውቅበትም።

«እውነቱን ልንገርዎ» አለች። «ይሄ ጉልበት የቀረው አንድ የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቁት፣ ልጅዎን አቅፈው ደረጃ መውጣት ያቅትዎታል።»

«ልጅ የለኝም።»

«ወደፊት ማለቴ ነው።»

ይህን ብላ ለምን ፊቷ እንደቀላ እሷም አላወቀችም። እጇ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ከአዳራሹ ኳስ ሲነጥር ይሰማ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ካስፓራስ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ ሰው ሆነ። ጉልበቱን ሰበብ ያደርጋል። አንድ ቀን ግን ደህናውን ጉልበት ዘርግቶላት ተገኘና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «እርስዎ» መባባሉ መቼ «አንተ»ና «አንቺ» እንደሆነ ማንም አላስተዋለም። ከጨዋታ በኋላ በነጭ ሽንኩርት የታሸ የተጠበሰ ጥቁር ዳቦ በወረቀት ይዘው ሐይቁን ይዞራሉ። ወጣቶቹ ተጫዋቾች ጉልበቱን ትተው ስለ ልቡ ይጠይቁት ጀመር። ወይዘሮ ብሮኔም ስሙን መጥራት ትታ «ረጅሙ» ትለው ነበር፤ ረጅሙ ዛሬ በላ ወይ፣ ረጅሙ በዚህ ብርድ ኮፍያ አያደርግም ወይ።

ስለ አባቷ የነገረችው ሐይቁ ዳር ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሊትዌኒያ ተነስቶ እስከ ፖርቱጋል ጭነት ያደርሳል። በወጣ ቁጥር ሚስቱን «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ይላታል። ወይዘሮ ብሮኔም መጋረጃውን ገልጣ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ክረምት ጀርመን ውስጥ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ መሪውን እንደያዘ ልቡ ቆመ። ዶቪሌ ልጅነቷን ስታስብ የሚመጣባት የእናቷ ጀርባና ያ መስኮት ነው።

«ስለዚህ አንድ ነገር እወቅ» አለችው። «እኔ ሰው ጠባቂ አይደለሁም። መስኮት ጋ አልቆምም።»

«በግንቦት ጫማዬን እሰቅላለሁ» አላት። «ከዚያ በኋላ መስኮቱ ጋ የምቆመው እኔ ነኝ።»

አመነችው። ያን ምሽት ሐይቁን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጥር ላይ ዶቪሌ ከሥራ ስትገባ እናቷ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ ረጅሙ ስፔን ሊሄድ ነው አሉ፣ ሬዲዮ ነው የነገረኝ አለቻት። ዶቪሌ ቀልድ መሰላት። እናቷ ቢላዋውን አስቀምጣ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ዶቪሌ ካፖርቷን እንደለበሰች ግድግዳውን ተደገፈች።

ካስፓራስ በማግስቱ መጣ። ሬዲዮው ስለቀደመው አፍሯል። ጫማዬ በረዶ ነው፣ ቤቱን አላበላሽም ብሎ ከበሩ ውጭ ቆመ። አንድ ትልቅ የስፔን ክለብ ሁለት ተጫዋች ተጎድቶበታል። የካቲት ውስጥ ትልቅ የዋንጫ ውድድር አለበት፤ ልምድ ያለው ኳስ አቀባይ ይፈልጋል። የኡቴናው ክለብም ዕድሉን አንነፍግህም ብሎ ለቆታል። ይህን ሁሉ ትንፋሽ ሳይወስድ ነገራት።

«አንዲት ዋንጫ፣ ዶቪሌ። እስከ ግንቦት ብቻ ነው። ይቺ የመጨረሻዬ ናት።»

ካለው ቃል ሁሉ መርጦ የአባቷን ቃል አወጣ። እሱ አልታወቀውም፤ ፊቱ ላይ የሚነበበው ጉጉት ብቻ ነው። ዶቪሌ ብርድ በእግሯ ገብቶ እስከ አናቷ ሲወጣ ተሰማት። እሱም በደፉ ላይ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ።

«በደፍ ላይ አትጨባበጡ!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ ብሮኔ ከውስጥ።

አንዱ ከደፍ ውጭ አንዱ ከደፍ ውስጥ ሆነው የተጨባበጡ ሰዎች ይጣላሉ። ዕቃም በደፍ ላይ አይቀባበሉም፤ ወይ ይገባል ወይ ይወጣል። ካስፓራስ ሳቀ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ዘመን ቆጥሯል።

«አልጠብቅህም» አለችው ዶቪሌ፣ እጇን ከእጁ አውጥታ።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ይሰማ ነበር፤ ደህናው ጠንከር፣ የታመመው ለስለስ እያለ። ዶቪሌ መስኮቱ ጋ ላለመሄድ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ይዛ ቆመች።

አሥራ ሁለቱ ጽጌረዳ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ከሄደ ወዲህ አንስታለት አታውቅም። ያን ዕለት አነሳች።

«እንኳን ተወለድሽ» አላት። በማንሳቷ ተደስቶ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። «አበባው ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ስንት ነው የላክኸው?»

«እንጃ። ባለ ሱቋ ‹ደርዘን ይሁንልዎ?› አለችኝ፣ ‹ይሁን› አልኳት።»

«ደርዘን ስንት ነው፣ ካስፓራስ?»

«አሥራ…» አለ። ቀጥሎ ትንፋሹ ሲቋረጥ ሰማች።

«እናቴ አይታው ‹ማን ሞተ?› አለች» አለችው ዶቪሌ። «መልስ አጣሁላት። እስቲ አንተ ንገራት።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማት።

«እናቴ ስትቀበር ጨዋታ ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። አሁን ድምፁ የሽማግሌ ነበር። «አልመጣሁም። አበባ ነው የላክሁት፣ ከሩቅ። ያኔ ቆጥሬ ነበር፣ ዶቪሌ። ያኔ አልጠፋኝም። ዛሬ ግን… ምን ሆኜ ነው? ሰው ይሄን እንዴት ይረሳል?»

ስለ እናቱ ቀብር ነግሯት አያውቅም። ያን ሁሉ ጠባሳ ሲያሳያት ይቺን ደብቋታል። ልትቆጣ ነበር የተዘጋጀችው፤ ድንጋጤው ቁጣዋን ቀደመው።

«ጨዋታህን ተጫወት» አለችውና ዘጋች።

ፍጻሜው እሑድ ነበር። ዶቪሌ አላይም ብላ ነበር። ቴሌቪዥኑን የከፈተችው ወይዘሮ ብሮኔ ናት፣ እኔ የማየው ለራሴ ነው ብላ። ካስፓራስ ጨዋታው ሊጋመስ ሲል ገባ። ጉልበቱ በወፍራም ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዶቪሌ ሁለት እርምጃ ሲራመድ አይታ ውሃ መቋጠሩን አወቀች። እንደዚያም ሆኖ ተጫወተ። ወጣቶቹ ሮጠው በሚደርሱበት ቦታ እሱ የላካት ኳስ ቀድማ ትጠብቃቸዋለች። ሳታስበው ዶቪሌ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ተገኘች።

መጨረሻው ላይ፣ ልክ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ የካስፓራስ ቡድን በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሳለ እሱ ላይ ጥፋት ተሠራ። ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጠው። አንዱ ቢገባ እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከገቡ ዋንጫው የእነሱ ነው። እንዲህ ያለ ውርወራ ለእሱ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። የመጀመሪያውን ወረወረ፤ ብረቱን መትታ ተመለሰች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለተኛውም ተመለሰች።

ወይዘሮ ብሮኔ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ካስፓራስ አልተንቀሳቀሰም። ሌሎቹ ሲዘሉና ሲያለቅሱ እሱ ቅርጫቱን እያየ በቆመበት ቀረ። አምስተኛው ፍጻሜ መሆኑ ነው። ዶቪሌ፣ በስልክ በነገርኩት ነው የሳተው ብላ አሰበች፤ እንባዋ መጣ። ተነስታ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ሬዲዮው ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። የስፔኑ ክለብ በተሸነፈበት ቀን እንኳ የሽማግሌውን ጥበብ ወዷል፤ አንድ ዓመት ሊጨምርለት ነው፣ ይፈርማል ተብሎም ይጠበቃል። ያቺ የመጨረሻ ሌላ የመጨረሻ ወለደች ማለት ነው። ዶቪሌ አላለቀሰችም። ሬዲዮውን አጥፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በቀር ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

ሐሙስ ከሥራ ቀድማ ገባች። ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን መድፋት ጀምረዋል። ጥንድ አበባ የሙት ነው፣ ወደ ሙት ይሂድ ብላ፣ የአባቷ መቃብር ላይ ልታደርገው ወሰነች። ከማስቀመጫው ስታወጣቸው እንደ ልማዷ ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው።

«እማዬ!»

ወይዘሮ ብሮኔ ከወጥ ቤት አልወጣችም። ከዚያው ሆና መለሰች።

«አንዱን በመጣ ማግስት ለአባትሽ ወሰድኩለት። አንድ ብቻ ለሙት ስለማይሆን ከገበያ ሌላ ገዝቼ ጨመርኩበት። የቀሩት የአንቺ ናቸው፤ የቆመ ሰው አበባ ሆነዋል።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

አሁን ወጣች። ሽርጧን እያጣጠፈች ልጇን አየቻት።

«አባትሽን እየተበሳጨሁ የጠበቅሁት ይመስልሻል አይደል? የመኪናው መብራት ከመንገዱ ሲታጠፍ ደስታዬን ብታውቂው ኖሮ! እኔን የገደለኝ መጠበቁ አይደለም ልጄ፤ የሚጠበቅ ሰው ማጣቱ ነው። አትጠብቂው፣ እሺ፤ ያንቺ ነገር ነው። ግን ሳይሞት አትቅበሪው።»

ዶቪሌ አሥራ አንዱን አበባ እንደያዘች በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ይሆናል ብላ አበባውን ወደ ማስቀመጫው መልሳ ከፈተች።

ካስፓራስ ነው። ኮፍያ የለውም፤ ትከሻው ላይ በረዶ አለ። በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፏል፣ በሌላው አንዲት ጽጌረዳ ይዟል። ዶቪሌ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

«ሬዲዮው ይፈርማል ብሎ…» አለች፣ አፏ እየተሳሰረ።

«ሬዲዮው እኔን አልጠየቀኝም» አላት። «ጉልበቴን በመርፌ አደንዝዘው ሊያጫውቱኝ ፈለጉ። ያንቺ እጅ ትዝ አለኝ። የቀረውን ውል በስምምነት አፈረስን። አበቃ፣ ዶቪሌ። ከግንቦት በፊት አበቃ።»

«ዋንጫውስ?»

«ጠባሳ አይተውም ብዬሽ አልነበር?» አለ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። «ኳሷን የሳትኳት አንቺን እያሰብኩ እንዳይመስልሽ። አርጅቼ ነው። ይሄን ለማወቅ ሁለት ኳስ በቃኝ።»

ከዚያ አበባዋን ከፍ አደረገ። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ እንደመጣ ልጅ ኮራ ብሎ ነበር።

«ይቺ አሥራ ሦስተኛዋ ናት። ከእነዚያ ጋር ስትሆን ጎዶሎ ይሆናል። ቆጥሬያታለሁ።»

ዶቪሌ አበባዋን አየች። ዞር ብላ ማስቀመጫውን አየች። አሥራ አንድና አንድ። በመጀመሪያ አመማት፤ ቀጥሎ ከሆዷ አንድ ሳቅ ተነስቶ መጣና እንባዋን እየገፋ ወጣ። ከኋላዋ ወይዘሮ ብሮኔ ነገሩ ገብቷት ጉንጯን ያዘች።

«ጉድ ፈላ» አለች። «እኔ ቀነስኩ፣ ረጅሙ ጨመረ፤ መልሰን አሥራ ሁለት አደረግነው።»

ካስፓራስ አልገባውም። እየሳቁበት መስሎት ፈራ ተባ እያለ እጁን በደፉ ላይ አሳልፎ አበባዋን ዘረጋላት። ዶቪሌ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አትቀበይኝም?»

«በደፍ ላይ አልቀበልም» አለችው።

ቁልቁል አየ። በበረዶ የራሰ ጫማው ከደፉ ወዲያ ነው። ጥር ላይ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነው የቆመው። ትንሽ ቆይቶ ገባው። ዶቪሌ ከበሩ ዞር ብላ መንገድ ሰጠችው። እሱም በየሄደበት በር ሁሉ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ፣ መጀመሪያ ደህናውን እግር፣ ቀጥሎ የታመመውን አስገባ።

አበባዋን ከዚያ በኋላ ተቀበለችው። እሱን በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ ሱሪውን ሰበሰበችለት፤ ጉልበቱ እንደ ዳቦ አብጧል። ወይዘሮ ብሮኔ ማንም ሳይጠይቃት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች፣ አመጣጧም ወለሌን በጫማህ አበላሸኸው እያለች ነበር። ዶቪሌ አሥራ ሦስተኛዋን ጽጌረዳ ከአሥራ አንዱ ጋር አልቀላቀለቻትም። ለብቻዋ በውሃ ብርጭቆ አድርጋ፣ እናቷ ትቆምበት በነበረው መስኮት ላይ አስቀመጠቻት።

ካስፓራስ ወደ መስኮቱ አየ።

«ነገ ከሥራ ስትመጪ እዚያ ነው ቆሜ የምጠብቅሽ» አላት። «ቃል ገብቼ ነበር።»

«በዚህ ጉልበት?» አለችው፣ በረዶውን ቦታው ላይ እየያዘች። «ቁጭ ብለህ ነው የምትጠብቀኝ።»